እቴቴ ከባሕሩ ፊት

ኅዳር 9

ውርጭ። የስቱዲዮው ቁልፍ ጣቴ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ጠዋት ፓስፖርት ሳይዝ፣ ከዚያ የምርቃት ፎቶ። ከሰዓት አንድ ልጅ የሟች አባቱን ጉርድ ፎቶ ይዞ መጣ፤ አሳድገህ ሱፍ አልብስልኝ አለ። አለበስኩት። ያችኑ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ ሱፍ። የደብረ ብርሃን ሟች ግማሹ እሷኑ ለብሷል... ቤዛ “ባሌ የሙታን ልብስ ሰፊ ነው” እያለች ትስቅብኛለች።

እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ።

ኅዳር 14

ኤርሚያስ ደወለ። ከአዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ወዳጄ። በጥር የፎቶ አውደ ርዕይ ያዘጋጃል፣ አንዱን ግድግዳ ለእኔ ሰጠኝ። ለደንበኛ የምትሠራውን ሳይሆን የራስህን አምጣ አለ። የራሴን... የትኛው ነው የራሴ? ዓመቱን ሙሉ የሰው ፊት ሳለሰልስ ነው የምውለው።

ኅዳር 22

እቴቴ አሰለፈች መጣች! ያሳደገችኝ አክስቴ። ከአንኮበር ቀጥታ ስቱዲዮ። ለካ የለቅሶዋን ፎቶ ልትነሣ ነው። የሞተች ዕለት ተጣድፈን ያገኘነውን እንዳንሰቅል ፈርታ። እኔ ሳቅኩ፣ ቤዛ ደነገጠች። አሞሽ ነው ወይ ብላት፣ ጤነኛ ሆኜ ነው እንጂ ታምሜማ ምን ፊት ይኖረኛል አለች።

ትዕዛዟ ደግሞ... አረንጓዴ ከፋይ ቀሚስ። አንገቷ ላይ የወርቅ ድሪ። ፊቷ ላይ አንዲት መስመር እንዳትታይ። ከኋላዋ ባሕር። እቴቴ ባሕር የት ታውቅና?

መብራት ሳስተካክል ቤዛ የሆነ ነገር ሹክ አለቻትና ሳቀች። ያኔ አነሣኋት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ግንባሯ ተሸብሽቦ፣ ዓይኖቿ በሳቁ ተከድነው። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ይኼ የእኔ ነው።

ኅዳር 30

ለኤርሚያስ ላክሁለት። መሐል ላይ ነው የሚሰቀለው አለ። ደስታዬ... ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ። እሷን ግን አልጠየቅኳትም። ከዚያ ኮስተር ብላ የተነሣችውን የባሕሩንም ፎቶ ገና አልጀመርኩት። ቤዛ “ሌላ ደንበኛ ቢሆን ይኼኔ ጨርሰህ ነበር” አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ 11

አንኮበር ደርሼ መጣሁ። የሳቋን ፎቶ አትሜ ወሰድኩላት፣ ስለ አውደ ርዕዩም ነገርኳት። መጀመሪያ ያለችው “ባሕሬስ?” ነው። ከዚያ ፎቶውን ብዙ አየችው። አይሆንም አለች። ለመንኳት። ከተነሡት ሁሉ የምታምረው ይቺ ናት አልኳት።

“ይኼን ፊት እኔ አልሠራሁትም” አለችኝ። “በርበሬ ተሸክሜ ከአሊዩ አምባ ስወጣ ዳገቱና ፀሐዩ ናቸው የሠሩት። አንዴ እንኳ የመረጥኩትን ልሁን፣ ልጄ።”

ፎቶውን ልመልስ ብዬ እጄን ስዘረጋ ተወው አለች። ልትቀደው መስሎኝ ትቼላት ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አንጀቴን በላችኝ። ያን ዳገት ስትወጣ ጀርባዋ ላይ በርበሬ ብቻ አልነበረም፣ እኔም ነበርኩ።

ታኅሣሥ 13

ኤርሚያስ ተቆጣ። አንኮበር ሆና ማን ይነግራታል አለኝ። እኔ፣ አልኩት።

ታኅሣሥ 24

ሰሞኑን ሥራዬ ባሕሩ ነው። እንዲህ ተጠንቅቄ የሰው ፊት ነክቼ አላውቅም። በየቀኑ ደውዬ የሠራሁትን እነግራታለሁ፣ እሷ ታዛለች። ማዕበሉ ያስፈራል፣ ረጋ ያለ አድርገው። ድሪው ወደ ታች ይውረድ። ቀሚሱ የእነ እንትና ዓይነት አረንጓዴ አይሁን... ይቺ ሴትዮ ዕድሉን ብታገኝ ሠዓሊ ነበረች! መስመሮቹን ሁሉ አጠፋሁ። እሷን ግን አላጠፋኋትም፣ ይመስለኛል። ቤዛ አይታ “እቴቴ ናት” አለች። እፎይ።

ጥር 18

አውደ ርዕዩ ተከፈተ። ግድግዳዬ ላይ ባሕሩን ብቻ ሰቀልኩ። ከሥሩ “እቴቴ አሰለፈች፣ ራሷ እንደመረጠችው” የሚል ጻፍኩበት። ተማሪዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቆይተው ግን አብረዋት ሰልፊ ተነሡ። አንድ መምህር ይኼማ የስቱዲዮ ሥራ ነው አለ። አዎ፣ የእኔ ስቱዲዮ። ኤርሚያስ አሁንም ያኛው ፎቶ ይቆጨዋል። እኔንም ትንሽ ይቆጨኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ጥር 27

ባሕሯን ይዤላት አንኮበር ሄድኩ። ስገባ ያ የሳቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በፍሬም! ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ።

ዓይናቸው የደከመው ጎረቤቷ አቶ ወልደተንሣኤ ተቀምጠው ነበር። ፎቶውን እያዩ ማን ናቸው ብለው ጠየቁ።

“እናቴ ናት” አለች እቴቴ።

እናቷ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። አንድም ፎቶ የላቸውም። አቶ ወልደተንሣኤም ግራ ገባቸው፣ ያኔ አንኮበር ማን ፎቶ ያነሣ ነበር አሉ።

“ልጄ ነው ያነሣልኝ።”

ወደ እኔ ዞሩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሣኋቸው አልኩ።

ከዚያ ባሕሩን ከላስቲኩ አወጣሁላት። ቀሚሱን በጣቷ ዳበሰችው፣ ድሪውን ዳበሰችው። የት ልስቀልሽ አልኳት።

“ከእናቴ አጠገብ አድርገኝ” አለችኝ።