በእናቴ ጉንጭ ላይ ስላረፈችው ቢራቢሮና በግንባሯ ላይ ስለ ታተመው ጽሑፍ

ለክቡር አቶ አዛናው
የዲጂታል ትውስታ ማስፋፊያ ማዕከል ኃላፊና የአልበም ፕሮግራም መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎና መብራት ሲጠፋ ለቢሮዎ ብቻ የሚነሳው ጄኔሬተርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። ያ አንድ ነገር ከባድ የሕዝብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ለምትኖሩ ሁሉ፣ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር ለምታልፉ መንገደኞች ጭምር፣ የሚከተለውን በጥብቅ አስታውቃለሁ፦ በወይዘሮ ውባየሁ ግራ ጉንጭ ላይ ያረፈችው ሐምራዊ ቢራቢሮ እስከ ዛሬ ድረስ አልተነሳችም።

ወይዘሮ ውባየሁ እናቴ ናት። ካረፈች ዓመት አለፋት። አባቴ የኔታ ተክለ ማርያም ርብ ወንዝ ዳር ካለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ርብ ሞልቶ ሜዳውን በዋጠበት ክረምት ውሃው ከቤታቸው ገብቶ የፎቶ አልበማቸውን እንደ ተነከረ ዳቦ አድርጎት ሲሄድ፣ ከእናቴ ፎቶዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ይፋግ ገበያ ላይ የተነሳችው ነው፤ በእንጨት ወንበር ተቀምጣ፣ ፎቶ አንሺው «እንግዲህ ኮስተር በይ» ሲላት ይባስ ስትስቅ። ጠርዙን ውሃ በልቶታል፤ ሳቋን ግን አልነካውም።

ለሙት ዓመቷ ይህን ፎቶ በኮምፒውተር አስገብቼ፣ የልጅ ልጆቿን ጨምሬ፣ የሚያውቋት የሚሉላትን ከሥሩ ጽፌ፣ አባቴ እያገላበጡ የሚያዩት አልበም ላዘጋጅላቸው አሰብኩ። በሙያዬ አስተማሪ ብሆንም ለኮምፒውተር ጀማሪ ነኝ። ስለዚህ ማዕከልዎ ድረስ መጥቼ አንዲት ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ለጀማሪ የሚሆነው የአልበም ፕሮግራም የትኛው ነው? ይህችን በመጠየቄ የወረደልኝን በረከት በተራ ቁጥር ላመስግን።

1ኛ. በማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ የተጫነ አንድ ቀላል ፕሮግራም ነበረ። ፎቶ ያስገባል፣ ስም ያጽፋል፣ ያትማል፤ ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔም ከዚያ የበለጠ ስለማላውቅ ወዲያው ተግባባን። እርስዎ ግን በአባታዊ ርኅራኄ «መምህርት፣ ፕሮግራም በግል ስሜት አይመረጥም» ብለው ከወንበሩ አስነሱኝና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ገመገመ። ያ ምስኪን ፕሮግራም «ተነሳሽነት የሚጎድለው፣ ከዕድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ጋር የማይራመድ» ተብሎ ከነ ደካማ ጎኑ ተሰናበተ፤ ግለ ሂስ እንዲያወርድ እንኳ ዕድል አልተሰጠውም። በምትኩ ከባሕር ዳር በሲዲ የመጣው፣ ጌጡ ተቆጥሮ የማያልቀው፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሰጠኝን «ከፍታችሁ አይታችሁት ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ መምህርት፣ በዚያ ቀን መብራት መቼ ነበረ? በሽፋኑ ነው የገመገምነው» አሉኝ። ለግልጽነታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

2ኛ. የተመረጠው ፕሮግራም ካሉት ድንቅ ችሎታዎች መካከል አዲስ ፎቶ አሮጌ ማስመሰል አንዱ ነው። ጠርዙን ይቀድዳል፣ መሐሉን ያወይባል፣ ውሃ የፈሰሰበት ያስመስላል። ይህንን እንደ ትልቅ እመርታ ሲያብራሩልኝ በአክብሮት አዳምጬዎታለሁ። ይሁን እንጂ ፎገራ ላይ ይህን ሥራ ወንዞቻችን ርብና ጉማራ ያለ ኮምፒውተርና ያለ መብራት በየክረምቱ ሲሠሩልን የኖሩ መሆኑን፣ በዘርፉ የባለሙያ እጥረት የሌለብን መሆኑን ለኮሚቴው ባስታውስ ድፍረት አይሁንብኝ።

3ኛ. ፕሮግራሙ «ለጀማሪዎች» ተብሎ ከተመረጠ በኋላ ጀማሪዋ እንዳልነካው ተከለከልኩ። «ጀማሪ ስለሆኑ ያበላሹታል፤ ባለሙያ ይሠራልዎታል» ተባልኩ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሀ ሁን የማስቆጥረው ተማሪው ራሱ እንጨቱን ይዞ ፊደሉን እየነካ ነው፤ «ማንበብ እስክትችል ድረስ ፊደል እንዳትነካ» ያልኩት ልጅ የለም። ዘመኑ የደረሰበትን የማስተማር ዘዴ ባለመከታተሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለሙያዎም ሠራ። እናቴን ከወንበሯ ነቅሎ፣ በረዶ በሚወርድበት የጥድ ጫካ ውስጥ አቆማት። በጉንጯ ላይ ቢራቢሮዋን አሳረፈ። በዙሪያዋ ልብ፣ ሪባንና የልብስ ቁልፍ በተነ። በሙት ዓመቷ ዕለት አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የነፍስ አባቷ መምሬ ሉቃስ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቆዩና «ውባየሁ ፈረንጅ አገር ሄዳ ነበር እንዴ? እኛን ሳትሰናበት?» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ጣታቸውን በእናቴ ግንባር ላይ አድርገው «ይህ ጽሑፍ ምንድር ነው ልጄ?» አሉኝ።

በግንባሯ ላይ በእንግሊዝኛ «ለሙከራ ብቻ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሟል። በሙሉ ድምፅ የመረጣችሁት ፕሮግራም ያልተገዛ የሙከራ ቅጂ ኖሯል፤ በሚያወጣው ፎቶ ሁሉ ላይም ይህንኑ ይመሰክራል። አባቴ ግዕዙን እንጂ የፈረንጁን ፊደል ስለማያነቡ፣ «አልበሙን ያሠሩልን የአቶ አዛናው ስም ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የእርስዎን ስም በየጸሎታቸው ከሚመረቁት ጋር ያነሱታል። ሰሞኑን ያለ ምክንያት ጤና ተሰምቶዎት ከሆነ ምንጩ ይህ ነው።

4ኛ. እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ሊሳቅበት ይችላል። ይህኛው አይሳቅበትም። «ለኮምፒውተር ይነሳ» ብላችሁ የተቀበላችሁን ዋናው ፎቶግራፍ በማዕከላችሁ መግቢያ፣ «ምርጥ ተሞክሮ» በሚለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። በማስቲሽ ተለጥፏል። ከሥሩ «በፊት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከጎኑ ያለችው ባለ ቢራቢሮዋ ደግሞ «በኋላ» ተብላለች። መልሱልኝ ብዬ ስመጣ የዞን እንግዶች እስኪያዩት ጠብቂ ተባልኩ። የዞኖቹ አይተው ሲሄዱ የክልል እንግዶች ሊመጡ ነው ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ እናቴ «በፊት» እና «በኋላ» የሚባል ነገር የላትም። ውሃ ያልወሰደው አንድ ሳቅ ነበራት፤ ርብ ያዘነለትን እናንተ በማስቲሽ ለጠፋችሁት። አባቴ ማታ ማታ የሚያዩት እርሱን ነበር፤ አሁን የሚያዩት ግድግዳ ነው። አልበሙን አልፈልግም። ፕሮግራሙን አልፈልግም። ፎቶውን መልሱ።

በተረፈ፣ ለአንዲት ጀማሪ ጥያቄ ኮሚቴ ስላቋቋሙ፣ ስለ ገመገሙ፣ የማታውቀውን በረዶ እናቴን ስላሳዩ፣ ሰውን ከነ ግንባሩ ለሙከራ ማዋል እንደሚቻል ለወረታ ሕዝብ ስላስተማሩ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ሲሽከረከርም አንዳንዴ ወደ እኛ ያዙርልዎ።

በፍጹም አክብሮት፣ ከወንበሩ የተነሳችው ጀማሪ፣
መምህርት አመተ ሥላሴ ተክለ ማርያም

ግልባጭ፦
ለአልበም ፕሮግራም መራጭ ኮሚቴ
ለተሰናበተው ቀላል ፕሮግራም፣ ባለበት
ለቢራቢሮዋ

የታከለ እርማት፦ ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ በተፈጠረ ሁኔታ ምክንያት ከላይ የተገለጹ ሁለት ፍሬ ነገሮች ስህተት ሆነው ተገኝተዋል። ትናንት ረፋድ ላይ የኔታ ተክለ ማርያም ማንንም ሳያማክሩ በባጃጅ ወረታ ገብተው፣ እርስዎ ለክልል እንግዶች ስለ «በፊት» እና «በኋላ» ማብራሪያ ሲሰጡ ከኋላ ቆመው ሰምተዋል። ከእንግዶቹም አንዱን «እስቲ ልጄ፣ የባለቤቴን ግንባር አንብብልኝ» ብለው አስነብበዋል። ቀጥሎም መቋሚያቸውን ለእርስዎ አስይዘው፣ ፎቶግራፉን በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ከሰሌዳው አላቀውታል። «ለሙከራ የሠራችኋትን እናንተ ያዟት። እኔ ያገባሁት ይቺን ነው» ብለው መቋሚያቸውን ተቀብለው ሄደዋል። አራቱ ማዕዘናት ከማስቲሹ ጋር ስለ ቀሩ ለማዕከሉ በስጦታነት ይመዝገቡ።

በዚህም መሠረት፣ ስምዎ «ከሚመረቁት ጋር» ይነሳል የሚለው «ይቅር በላቸው ከሚባሉት ጋር» ተብሎ፣ ፎቶግራፉ «በሰሌዳ ላይ ይገኛል» የሚለውም «በባለቤቱ እጅ ይገኛል» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት አስታውቃለሁ።