ለውሻዬ የጠየቅሁት ሀቤስ ኮርፐስ

ለክቡር ዳኛ ሞርዳንት፣ ብራክንቢ ፍርድ ቤት፤

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ፣ ጉልበትዎንም ይህ የማያባራ የኅዳር ዝናብ እንዳልጎዳው ከልብ ተስፋ እያደረግሁ፣ እኔ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ኦዝዋልድ ፔንትሪ፣ በችሎትዎ ስለ ተሰጠኝ የላቲን ትምህርት በዚህ ጋዜጣ በኩል ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ጉዳዩን ላልሰሙ አንባቢያን፦ ባለቤቴ ሙሪየል በጥር ካረፈች በኋላ፣ ውሻችን ፒክል በአጥር እየሾለከ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ታስከር ዘንድ መዋል፣ ቀጥሎም ማደር ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን በሯን አንኳኩቶ ይጠይቃት ነበር። እኔ ግን ከቤተ መጻሕፍት የሕግ መዝገበ ቃላት ተውሼ ከሰስኋት።

አንደኛው ቅሬታዬ ሀቤስ ኮርፐስን ይመለከታል። ያለ አግባብ የተያዘ ሁሉ ዳኛ ፊት ይቅረብ ማለት ነው ብሎ መጽሐፉ ስለ ነገረኝ፣ ብድግ ብዬ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኽሁት። ክቡርነትዎም መነጽርዎን ዝቅ አድርገው፣ «አቶ ፔንትሪ፣ ይህ ለታሰረ ሰው ነው። ውሻው ሰው ነው?» አሉኝ።

«ከብዙ ሰው ይሻላል፣ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ ታስሯል?»

«ሶፋ ላይ ተኝቷል» አልሁ፤ ክሴንም በገዛ አፌ ቀበርሁት።

ሁለተኛ፣ ክቡርነትዎ «ሳይኒ ዳይ» ብለው ተነሡ። እኛ እንግሊዞች «ዳይ» የምንለው መሞትን ስለሆነ፣ ከነክራቫቴ ደርቄ ቀረሁ። የችሎቱን ጸሐፊ ጠጋ ብዬ፣ «እመቤቴ፣ ሞት የተፈረደው በማን ነው? በእኔ ነው ወይስ በውሻው?» አልኋት።

«አይ የኔ ጌታ፣ ቀን ሳይቆረጥ ተቀጠረ ማለት ነው» አለችኝ፣ ሳቋን በእጇ ሸፍና። «መቼ እንደሆነ አናውቅም» የሚለውን ቀላል ነገር፣ አንድ ሽማግሌ ሊሞት ነው ብሎ እስኪደነግጥ አሳምረው መናገር ስለ ቻሉ አድናቆቴ ወደር የለውም።

ቀኑ ሲቆረጥ በአዲስ ቃል ታጥቄ መጣሁ፦ ሬስ ኢፕሳ ሎኩዊቱር፤ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ውሻው ይግባና ጌታውን ይለይ ብዬ ለመንሁ፤ ክቡርነትዎም በትዕግሥት ፈቀዱልኝ። ፒክል ገባ። አየኝ፤ ጅራቱን በትሕትና ወዝወዝ አደረገልኝ፤ አልፎኝ ሄዶም የወይዘሮ ታስከር ጫማ ላይ አገጩን አሳርፎ ተኛ።

«ነገሩ ራሱ ተናገረ፣ አቶ ፔንትሪ» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ ያልሳቀችው ወይዘሮ ታስከር ብቻ ነበረች።

«ኦዝዋልድ፣ ውሻህን አልሰረቅሁብህም» አለችኝ። «ቤትህ ድምፅ የለውም። ሙሪየል ቀኑን ሙሉ ታወራው ነበር። አንተ እሷን ከቀበርናት ወዲህ ለእሱም ለእኔም እንደምን አደራችሁ ብለህ ታውቃለህ?»

መዝገበ ቃላቱን በእጄ ይዤው ነበር፤ ግን አልገለጥሁትም። «እውነትሽን ነው» አልሁ። ክሱንም እዚያው ተውሁት።

በዝናቡ ውስጥ በእሷ ጃንጥላ አብረን ተመለስን። በሯ ላይ ስንደርስ፣ «ሻይ ትጠጣለህ ወይስ ለዚህም ጠበቃ ታማክራለህ?» አለችኝ። ገባሁ። ስለ ሙሪየል ሳናወራ የቆየነውን ሁሉ አወራን።

አሁን ፒክል ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ይመጣል። ስለ ድሮ የአውቶቡስ መስመሬ አወራዋለሁ። ያዛጋል፤ ግን ተነሥቶ አይሄድም።

በችሎትዎ ፊት ያለ ጠበቃ፣ ያለ እውቀትና ያለ ኀፍረት የቆምሁት፣ ዘወትር ታዛዥዎ፣

ኦዝዋልድ ፔንትሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፒክል ከችሎቱ ሲወጣ በክቡርነትዎ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ሲያነሣ ያመለጠዎት ቃል ላቲን አልነበረም። ከሰጡት ብይን ሁሉ አዳራሹ ያለ አስተርጓሚ የተረዳው እሱን ብቻ ነው።