የቀለበቷ ዝገት

ይድረስ ለእህቴ ለአሰፋች፤

ከባድ መርዶ ስላለኝ ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን፤ ነጠላሽንም አዘቅዝቂ። በእኔና በአሰግድ መካከል የነበረው ወዳጅነት በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ድንኳን አልተጣለም፤ ንፍሮም አልተቀቀለም።

እታለም፣ ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? የጎበሳ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጥርስሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልሽን ታስለቅሺበታለሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከነገርኩሽ ሐዘን በቀር ደኅና ነኝ፤ ምስጋና ለመድኃኔዓለም።

አሰግድ፣ እንደምታውቂው፣ በጋሼ ሁሴኖ የጠመንጃ መጠገኛ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ነው። ባላምባራስ ገብረ መድህን ለአባታቸው ሙት ዓመት የሚያዝ፣ ባሩዱን በአፉ የሚጎርስ የጥንት ነፍጥ አመጡ። ቧንቧውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ቀለበት ጠፍቷል። ጋሼ ሁሴኖ «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይቺን አንተ ሥራት፤ ካማረችልህ ከከሰል ተሸካሚነት ወጣህ» አሉኝ። ቀጥቅጬ፣ በሞረድ አለስልሼ ሠራኋት። ግን አዲስ ብረት ከአሮጌ ጎን ሲሆን በሽማግሌ አፍ ውስጥ እንዳለ የወርቅ ጥርስ ያብለጨልጫል! ስለዚህ ማስረጀት ነበረብኝ። ቅባቱን በአመድ አጥቤ፣ ሎሚና ጨው ቀብቼ በእርጥብ ጨርቅ አሳድራታለሁ፤ ጠዋት ቀዩን ዝገት አበስ አድርጌ እንደገና እቀባለሁ። እንዲህ እያለች ልክ እንደ ቧንቧው ቡናማ ሆነች፤ ሰም መቀባት ብቻ ቀርቷት ነበር።

ቀለበቷን ይዤ የማድረው አክስታችን የውብዳር ቤት ስለሆነ «እቴቴ፣ ይህን ዝገት እንዳይነኩብኝ፤ እያሳደግሁት ነው» አልኳቸው። ባለፈው ወር ግን «ድመት ያለው ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ያስመዝግብ ተብሏል» ብዬ ድመታቸውን በቅርጫት አሸክሜ ስለላክኋቸው አላመኑኝም። አሰግድን ጠየቁት። እሱ ሁሉን እያወቀ «ሲቀልድብዎ ነው፤ ፈግፍገው ያስደስቱት» አላቸው። በአሸዋ ፈግፍገው፣ መስተዋት አስመስለው፣ ምርቃት ጨምረው ሰጡኝ!

ሄጄ ስይዘው ሳቀና «በአሰላ የመቀለድ ፈቃድ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» አለኝ። ይሁን፤ ለዚህስ አብሬው እስቅ ነበር። ጋሼ ሁሴኖ ግን ስታብለጨልጭ ሲያዩ በእኔ ተቆጥተው ቀለበቷን ለእሱ ሰጡት፤ እኔው ባሳየሁት ሎሚና ጨው አስረጃት። ባላምባራስ ሊወስዱ ሲመጡ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህ የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «የእኔ ነው ጌታዬ» አላቸው። ቅርጿም ልስላሴዋም የእኔ ሞረድ ነበር! እታለም፣ ያን ጊዜ ቀልድ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ዛሬም ከሰል እሸከማለሁ፤ እሱ ሰላም ሲለኝ ያልሰማሁ መስዬ ወናፉን እነፋለሁ።

ለአቶ ፍሰሐ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ስላገቡሽ እግዜር ያጽናቸው። ለአማትሽ ለወይዘሮ ወለተ ማርያም እጅ ነሥቻለሁ። ልጅሽን ማሚቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። እቴቴ የውብዳርም ሰላም ይሉሻል።

ደግሞ ይህን ለሰው ሁሉ አታውሪብኝ። እውነቱን ከተናገርሁ ነገሩ ኢምንት ነው፤ ቀለበቷ ከአውራ ጣት አትበልጥም፣ ባላምባራስም ማንገቻውን ሲያስሩበት ጭራሽ ተሸፈነች።

ወንድምሽ ኃይለመስቀል
አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1953 ዓ.ም.