ቦራ የምትባለው ጊደር

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እናንተ ጋ ኦዳ ዝናብ ጣል አድርጓል ሲሉ ደስ አለኝ። እኛ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ልጄ ፈርሂያ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በስልክ የጠየቅሽኝን ያልመለስኩልሽ አጠገብሽ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ይህን ብቻሽን አንብቢው።

ማክሰኞ የአካባቢያችን ሹም ቺፉ ሕዝቡን ለባራዛ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ልጅ የደፈረ ሰው በሽማግሌ ዕርቅ እንዳያመልጥ ሕጉ ይጥበቅ ተብሎ፣ አስተያየት ሊሰበሰብ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ለመንግሥት ሰዎቹ ወደ ስዋሂሊ አስተርጓሚ ነኝ። አስተርጓሚ «እሳቸው እንዲህ አሉ» አይልም፤ የተናጋሪውን «እኔ» እንዳለ ይለዋል። ሽማግሌው ሀልካኖ ተነሥተው፣ «እኔ ስንቱን አስታርቄአለሁ! ጊደር ተሰጥቶ ገበና ተሸፈነ፤ ጎረቤት ከጎረቤት አልተቆራረጠም» አሉ። እኔም በስዋሂሊ «እኔ ስንቱን አስታርቄአለሁ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ቀጥሎ የተጎዳ ይናገር ተባለ። ማንም አልተነሣም። እኔ ግን ሰው የተናገረ ይመስል መተርጎም ጀመርኩ፦ «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጊደሯን ቦራ አልናት። ወልዳ ወተቷን ጠጥቼ አደግኩ።» ጸሐፊዋ ጻፈችው። የማን ቃል ነው ስትለኝ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዋሸሁ። ከዚያ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። እንባም አልመጣልኝም።

እማዬ፣ ያኔ አባቴ ሞቶ ቤታችን ባዶ ነበር፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ ደጅሽ ላይ ተቀምጦ እምቢ ማለትም ቀላል አይደለም። ግን ወተቱን አልጠጣም ስል በቁንጥጫ ታጠጪኝ ነበር። ለምን እምቢ እንደምል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም። እሱን መርሳት አቃተኝ።

ለዕረፍት ፈርሂያን ላኪልኝ ብለሻል። ቦራን የሰጠን ጎረቤትሽ ጋልማም «ትምጣ እንጂ፣ አጥር ለአጥር ነን፣ እኔ አጫውታታለሁ» ብሏል አልሽኝ። ፈርሂያ አትመጣም። ዘንድሮም፣ ከርሞም አትመጣም።

አንቺ ግን ነይ። የቦዳቦዳ ሞተር እልክልሻለሁ፤ ከፈርሂያ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ። አደራ፣ ከቦራ ዘር ወተት ይዘሽ እንዳትመጪ። እዚህ ከሱቅ እንገዛለን።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ያበርታልሽ።

ልጅሽ፣
የፈርሂያ እናት