የጎታው ነገር

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1955

ወገቤ ተቆርጧል። ማድቤቱን ስመርግ ዋልኩ። የሺ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ «እቴቴ፣ እዚያ ጋ ዘለልሽው» እያለች ታዘኛለች። የሟቹ ባለቤቴ ልጅ ናት፤ የወለደቻት እናት የለችም። ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። ከአንበሳሜ ድረስ ወደ እኔ መጣች።

ማክሰኞ

ግድግዳው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ለጠፈች። ፊደል ለብቻዬ እንደለየሁ ታውቃለች፤ ሽንኩርት እየከተፈች «አንብቢልኝ» አለችኝ። የሹመት ወሬ አነበብኩላት።

«እኔንስ ምን ሾሙኝ?»

«የሽንኩርት ሹም።»

ሳቀች። እዚህ ማድቤት ሰው ከሳቀ ስንት ዓመቱ። ደስ አለኝ፤ ደስታውም አደከመኝ።

ረቡዕ

ከጎረቤት ሸትቷት የጓያ ሽሮ አማረኝ አለች። የእርጉዝ አምሮት አይከለከልም። ዱቄቱ የለኝም ብዬ ዋሸሁ፤ የሽንብራ ሠራሁላት። ቀምሳ ተወችው።

«ምን ፈራሽ? እግሬን እንደሆን ጓያ ድሮውንም ወስዶታል» ብላ ቀለደች።

መሳቅ አቃተኝ።

ሐሙስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ በሞተ ዓመት የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳችንን ወሰደው። ጎታ ውስጥ ጤፍና ሽንብራ ነበረኝ፤ ለተዝካሩ ያስቀመጥኩት። ባሏን ያለ ተዝካር አስቀረችው እንዳልባል አልነካሁትም። ክረምቱን ሙሉ እኔም የሺም የጓያ ቂጣ ብቻ በላን። እኔን ምንም አላደረገኝም። እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ ተያዘ።

ተዝካሩ አማረ። ሰው ጠግቦ መረቀኝ። እሷን አዝለው አምጥተው አበሏት።

አርብ

ነገርኳት። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ድስቱን እያማሰልኩ፣ «ያን ዓመት ጎታው ባዶ አልነበረም» አልኳት።

 «ብዙ ነበር?» አለችኝ።

«ክረምቱን ያወጣን ነበር።»

ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ምሳ አልበላችም። ወደ አንበሳሜ የሚሄድ ሰው እንዳለ ስትጠይቅ ጎረቤቴ ሰምታ ነገረችኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ስገባ እሳቱን አያይዛ፣ ሽሮ ጥዳ አገኘኋት።

«ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ከልቤ አልወጣልኝም፣ እቴቴ። ይወጣልኛልም አልልሽም። ግን የምወልደው እዚህ ነው። ልጄ የሚበላውን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ይሁን» አልኩ።

ከአንድ ገበታ በላን።  ሌሊቱን ዓይኔ ስላልተከደነ እዚያው ምድጃው ዳር እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ልነሣ ስል፣ «ተኚ፣ ድስቱን አያለሁ» አለችኝ።

በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ።