የመምህር ላቀው ይሻው ሕይወትና የግድግዳው ቁጥር

መምህር ላቀው ይሻው ከአባታቸው ከአቶ ይሻው ሞገስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ ሞላ በ1951 ዓ.ም. ገሳይ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ ደብረ ታቦር አጎታቸው ቤት ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው በ1972 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት እዚያው ገሳይ ነው። በኋላም ወደ ደብረ ታቦር ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ሒሳብ አስተማሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትእዛዝ ሙላቴ ጋር በቁርባን ተጋብተው አዲስዓለምንና መክሊትን ወለዱ።

ትዕግሥተኛ ነበሩ ለማለት ያስቸግራል፤ ማባዛት የተሳሳተ ተማሪ ፊት ጠመኔ ይሰብሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ የጎረቤት ልጆችን ቤታቸው ሰበሰቡ። ሰሌዳ ስላልነበራቸው ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ አንዶችን ጎን ለጎን ደረደሩ። ይህ አንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ከጫፉ አንዱ ቢደመሰስ የቀረው ለሦስት ይካፈላል፤ አንድ ቢጨመርበትም ለአሥራ አንድ ይካፈላል። ልጆቹ በሚያውቁት ቁጥር ሁሉ እየሞከሩ ሰነበቱ።

በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ለቅሶ አይታጣም ነበር። በመስኮት ያየ ሰው የአንዶቹ ሰረዞች ሰው መሰሉት። መምህሩ የሚሞቱትን ይቆጥራሉ ተባለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች፣ ልጃቸው ሀብታሙ ከቤት ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶባቸው ነበርና፣ ገብተው፣ «አንቱ መምህር፣ የኔ ልጅ የትኛው ነው?» አሏቸው።

«ዘንዬ፣ ሒሳብ ነው እኮ!»

«ሒሳብ ከሆነ እኔን ሲያዩ ስለምን ይደነግጣሉ?»

መምህር እንደማንኛችንም ይፈሩ ነበር። ሊያጠፉት ሲነሡ ግን ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን ያዙ። አንዱን የነካ ልጄን ነካ አሉ። ቁጥሩ እንዳለ ቀረ።

መምህር ላቀው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመው ለእጥበት ባሕር ዳር ይመላለሱ ነበር። በዚህ ወር መንገድ ተዘግቶ መሄድ አልቻሉም። ሰውነታቸው አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ትናንት ጠዋት ወይዘሮ ዘነበችን አስጠርተው እርጥብ ጨርቅ ሰጧቸውና፣ «አንቺው አጥፊው፤ ከእንግዲህ እንዳትፈሪው» አሏቸው። ወይዘሮ ዘነበችም እያለቀሱ ጠረጉት፤ ኖራው ጠቁሮ ቀረ። ቀትር ሳይሆን፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መምህር ላቀው በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ዘነበች ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም፤ ለቅሶ ቤትም አልገቡም። መምህሩን ገደልሁ፣ ልጄንም በእጄ ደመሰስሁ ይላሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ ከግብዓተ መሬቱ በፊት በሁላችሁም ፊት ይናገራል፤ መምህርን የነጠቀን ሕመምና የተዘጋ መንገድ ነው፤ የወይዘሮ ዘነበች እጅ የለበትም። ይህን የጻፈችው የመምህር ወንድም ልጅ ይህንኑ ሒሳብ በሰው አገር ተምራ የተመለሰች ናት። ቁጥር ስለ ማንም ሞት እንደማያውቅ ታውቃለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እሷም ትደነግጣለች፤ ትምህርቷ ከዚህ አላዳናትም።

መምህር ላቀው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት አገር ያሳርፍልን፤ የሀብታሙንም ድምፅ ለእናቱ ያሰማልን።

ወይዘሮ ዘነበች፣ ከበሩ ውጭ አይቁሙ። ወደዚህ ይለፉ፤ ከእኛ ጋር አፈር ያልብሷቸው።