«ጥቂት ናቸው» ስላልናቸው አጋዘኖችና ስለ ግንቦቱ ሮኬት

ለክቡር የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ መላው ቤተሰብዎንና በኮረብታው ላይ የተከሏቸውን ነጫጭ አንቴናዎች በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛቸው ምኞቴ ነው። ከጣቢያው በስተ ምዕራብ፣ ሮኬትዎ ሥራውን ሲጨርስ በሚወድቅበት ምድር አጋዘን እያረባን የምንኖር እኛ የሰሜኑ በረዶ አገር ነባር ሕዝብ ሳሚዎችም ደኅና ነን። እስካሁን በማናችንም ራስ ላይ የወደቀ ነገር የለም።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ምናልባት ከምድር ስበት ውጭ ወጥተው ይሆናል ብዬ ስለ ሰጋሁ ብቻ ነው። በግንቦት አጋማሽ ሮኬት እንደሚተኮስና ሰውም መንጋም አካባቢውን ለቆ እንዲወጣ ያዘዘው ማስታወቂያዎ ደርሶናል፤ ግንቦት አጋማሽ ደግሞ አጋዘኖቻችን የሚወልዱበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ነገሬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ በምስጋና ልጀምር። መንግሥት በየዓመቱ ለሕዋ የሚመድበውን ገንዘብ ሲሰሙ «ምን ያደርግልናል?» እያሉ የሚያጉረመርሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም። በመሪዎቹ አጋዘኖች አንገት ላይ ያሰርነው መሣሪያ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ መንጋው የት እንዳለ በስልኬ ይነግረኛል። ባለፈው ጥር በበረዶው ላይ ዝናብ ወርዶ ግጦሹ በግግር ሊሸፈን ሲል፣ ከሰማይ በመጣው ትንበያ ቀድመን አውቀን መንጋውን ወደ ጥዱ ጫካ አስገብተን አትርፈናል። ይህ ከልቤ ነው፤ አሽሙሩ ሲመጣ ራሱ ይታወቅዎታል።

፪ኛ፦ «ሕዋ በየዕለት ኑሯችን» በሚል ርእስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለ ከፈቱት ዐውደ ርዕይ። የቤተሰባችን ሰዎች ሁሉ የሚታዘዙለትን የእናቴን ወንድም አጎቴን ኒላን ይዤ ሄጄ ነበር። ለጠፈርተኞች ተብሎ ከተፈለሰፈ ስፖንጅ የተሠራውን ፍራሽ እንዲሞክር ሲጋብዙት ጫማውን አውልቆ ተጋደመና «እዚህ ላይ ከተኛሁማ ማን ያስነሣኛል? አጋዘኖቹን እናንተ ልትጠብቁልኝ ነው?» ሲል፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ወይዘሮ ጉንቮር ሳይቀሩ ከልባቸው ሳቁ። ቀጥሎ ግን በግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሥዕል አየን። ሸለቆአችን ከሰማይ ፎቶ ተነሥቶ፣ መንጋችን እንደ ፈሰሰ እህል በበረዶው ላይ ተበትኖ፣ ከሥሩም የቤተሰባችን ስም ተጽፎ ነበር።

በእኛ ዘንድ፣ ክቡርነትዎ፣ የሰው መንጋ ስንት እንደ ሆነ አይጠየቅም። የሚጠይቀው ባለጌ ነው፤ የሚመልሰውም ጉረኛ። ጎረቤቴን ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፣ ስንት አጋዘን እንዳለው ግን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ሥዕሉን አየ፤ ወዲያው አወለቀውና «ነይ እንውጣ ሪስተን፣ ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ» አለኝ። ወጣን። ስለ መስተንግዶው ግን እጅ እነሣለሁ።

፫ኛ፦ ዋናው ይህ ነው። ባለፈው መጸው ወይዘሮ ጉንቮር ለጥናት ብለው ቤታችን መጡ። አጎቴ የደረቀ ሥጋ እየቆረጠ አቀረበላቸው። እሳቸውም እያላመጡ፣ ምንም ሳይከብዳቸው፣ በዚያ ኮረብታ ላይ የሚወልዱት አጋዘኖች ስንት እንደ ሆኑ ጠየቁት። አጎቴ ቢላውን እያየ «እንዲያው… ጥቂት አሉን» አለ። ከእኛ ሰው ማንም ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል፤ ኮረብታው በአጋዘን ተሸፍኖ መሬቱ ባይታይም ይህንኑ ይላል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወይዘሮ ጉንቮርም «ጥቂት» ብለው ጻፉ።

የጥናቱ ውጤት በየካቲት ሲደርሰን «በአካባቢው የሚገኙት እንስሳት ጥቂት በመሆናቸው የሚደርሰው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም» ይላል። የግንቦቱ ቀን የተቆረጠው በዚሁ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሳተላይት መንጋችንን አንድ በአንድ ለቅሞ በቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ሲሰቅለው፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ጥናት የአንድን ሽማግሌ ይሉኝታ እንደ ቆጠራ መቀበሉ ያስደንቀኛል። ግድግዳውንና ጥናቱን የሚያስተዋውቅ ሰው ቢቀጠር መልካም ነበር።

፬ኛ፦ ይህንኑ ለማስረዳት ስደውል ወይዘሮ ጉንቮር በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «ዘመኑ እኮ ነው፣ ሪስተን። ስልክሽን ከፍተሽ የት እንዳሉ ታያለሽ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።» ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላወቅኩም ነበር። አጋዘን ግን የምትወልደው በለመደችው ቦታ ነው፤ ልትወልድ ስትል ያባረሯት እንደ ሆነ ወይ ትጨነግፋለች፣ ወይ ወልዳ ትጥላለች። የሮኬቱን ስብርባሪ ሊለቅም የሚመጣው ሄሊኮፕተር ያስበረገጋት እናት ተመልሳ ግልገሏን አትልስም። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ሞተው የቀሩትን ግልገሎች አጎቴ በከረጢት ሰብስቦ ቀበራቸው፤ የቤተሰባችን ምልክት እንኳ ገና በጆሯቸው ላይ አልተቆረጠም ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ። ዘንድሮ ላለማልቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ሮኬቱ ከወሊድ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ይተኮስ። ሰማዩ በሰኔም እዚያው ነው።

የጣቢያውን የወደፊት ስኬት ከልብ እየተመኘሁ፣ ሮኬትዎ በሚያልፍበት ሰማይ ሥር ለመኖር የተፈቀደልኝ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሪስተን፣ የኒላ እኅት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ አጎቴ ኒላ ተነሣ። ቆቡን አውልቆ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመንጋውን ቁጥር ጮክ ብሎ ተናገረ። ከእኛ ወገን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም፤ እኔም አላየሁትም። ወይዘሮ ጉንቮር አመስግነው «ማስረጃ ይኖርዎታል?» ሲሉ ጠየቁት። ከዚያን ቀን ወዲህ አጎቴ ከቤት አልወጣም። ስለዚህ ክቡርነትዎ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲገኙልን በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ በጎረቤቶችዎ ፊት ቆመው፣ በባንክ ያለዎት ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ይንገሩን። እኛ ማስረጃ አንጠይቅዎትም፤ መሬት መሬት እያየን እንሰማዎታለን።